ዱባለ ዛሬ አይዋጋም

እትዬ አበበች የሱቁን ደፍ ሲሻገሩ አምሐ ፊቱን ከኮምፒዩተሩ ላይ አላነሣም። ቢያነሣ ዓይኑ ያጋልጠዋል።

"እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ፣ እትዬ" አለና በርጩማውን ሳብ አደረገላቸው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ገረሱ ከሱቁ ከወጡ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩት አንድ ነገር ነው፤ የእትዬ አበበች ልጅ ዱባለ ሰሜን ግንባር ሞቷል። ወሬውን ያመጣው አብሮት የነበረ ቁስለኛ ነው። "ነገ ሊነጋጋ ሲል መርዶውን ይዘን እንሄዳለን" ብለውታል። "እስከዚያ አፍህን ዝጋ። ስትመጣም እንደ ወትሮህ አጫውታት።" እንደ ወትሮህ ማለት ለአቶ ገረሱ ቀላል ነው።

አምሐ አየር ጤና ላይ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነው። ኮምፒዩተሩ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሲሆን ለጥገና መጥቶ ባለቤቶቹ ረስተውት ቀረ። አብሮት አንድ ዲስኬት፣ ዲስኬቱ ላይም አንድ ጨዋታ ተገኘ፤ አራት ተዋጊዎች ዋሻ ወርደው ከጭራቅና ከዘንዶ ጋር የሚፋለሙበት። ስም የሚያወጣላቸው ተጫዋቹ ነው። ዱባለ ለጉልበተኛው የራሱን ስም ሰጠው፤ ለአስማተኛው የጓደኛውን የአምሐን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የወታደር አፈሳው ሁለቱንም ከፌርማታ ላይ ለቅሞ ወሰዳቸው። አምሐን የሚያነክስ እግሩ መለሰው፤ ዱባለ ሄደ።

እናቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ሊያዩ መምጣት ከጀመሩ ስምንት ወራቸው ነው። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ፤ ያላቸው ይኸው ነው። ማየት ማለት እንኳ ሲበዛበት ነው፤ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ የፈረንጅ ፊደል። እሳቸው ግን የልጃቸውን ስም ከሌላው ለይተው ያውቁታል።

ስለ ጨዋታው ያላቸውን አስተያየት ደብቀው አያውቁም። የሰው ጤና በቁጥር ተጽፎ መታየቱን ይወዱለታል፤ የቆሰለም ማረፊያ ቤት አድሮ ሲነጋ መዳኑን። አንድ ቀን የጨዋታው ዱባለ ሞቶ አምሐ ከዲስኬቱ መልሶ ሲያስነሣው እልል ብለው ጎረቤት ሰብስበዋል። "መንግሥት እንዲህ ጽፎ ቢያሳየን ምን አለበት?" ያሉ ዕለት ግን ግራ ቀኝ አይተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ጉድለቱ ደግሞ ይበዛባቸዋል። ተዋጊዎቹ ከነብረት ልብሳቸው ይተኛሉ፤ ዘንዶው ምን እንደበደላቸው የሚናገር የለም፤ መንገዱ ሁሉ ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ቤት የሚመልስ አንድም የለው። ከሁሉ በላይ የሚያናድዳቸው ግን አምሐ ዱባለን ከፊት ማሰለፉ ነው። "ጉልበት ስላለው እኮ ነው" ይላቸዋል። "ጉልበት ያለው እናት የለውም?" ይሉታል። በዚህ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም።

"ዛሬስ የት ደረሱ?" አሉ አሁን፣ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው።

"ሦስቱ ዋሻ ገብተዋል።"

"ዱባለስ?"

"መንደር ቀርቷል። ማረፊያ ቤት ነው ያለው።"

"ምነው፣ አመመው?"

"ኧረ ደህና ነው! ይኸው፣ ጤናው ሙሉ ነው" ብሎ ቁጥሩን በጣቱ አሳያቸው።

"እሰይ! ተባረክ! አሁን ገና ሰው ሆንክ" አሉና ከልባቸው ሳቁ።

ዋሻው ውስጥ ጭራቅ መጣ። ያለ ዱባለ ሦስቱ ብዙ አልቆዩም፤ መጀመሪያ አንዱ ወደቀ፣ ወዲያው ሁለተኛው። አምሐ ዱባለን ልጥራው ብሎ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈና መልሶ አነሣው። ያን ስም ዳግመኛ ወደ ጦርነት አይሰድም፤ ጨዋታም ቢሆን አይሰድም።

የእትዬ አበበች ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

"አምሐ።"

"አቤት።"

"ስምንት ወር ለምኜህ እንቢ ያልከኝን ዛሬ ሳልለምንህ ለምን አደረግከው?"

"እንዲያው... ደክሞት ይሆናል ብዬ ነው።"

"ፊደል ይደክመዋል?"

አምሐ ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞረ።

"አቶ ገረሱም ቅድም ሲያዩኝ መንገድ ተሻገሩ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። "ሊነጋጋ ሲል ነው የሚመጡት?"

አምሐ አፉን ዘጋ፤ እንባው ግን የማንንም ትእዛዝ አልሰማም። አሁን ይጮኻሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ ብሎ ጠበቀ። አልጮኹም። የበርጩማውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው መስታወቱን ብቻ አዩ።

"አልነገርከኝም። እኔም አልሰማሁም" አሉ።

"እትዬ፣ ያን ቀን እኔም አብሬው..."

"እግርህ ይባረክ። ሌላ እንዳትጨምር። ሂድና ለአቶ ገረሱ ንገራቸው፤ በንጋት አይምጡብኝ። ረፋድ ላይ ይምጡ፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ።"

"ለምን ቢሉኝ ምን ልበላቸው?"

"እስከ ረፋድ ልጅ አላት በላቸው።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አምሐ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኛቸው። ባለሱቋ ሙሉወርቅ ደጅ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ሙሉወርቅ ሌላ ጊዜ "ዱባለስ ደህና ነው?" ሳትል አታሳልፋቸውም። ዛሬ ወሬው ደርሷት ኖሮ ዓይኗን የምትመዝነው ምስር ላይ ደፍታ ቀረች።

እትዬ አበበች አልሄዱም። ቀና እስክትል ድረስ ጠበቋት።

"ዱባለም ደህና ነው" አሏት፣ ሳትጠይቃቸው።