የሞሪያ ማክሰኞ

ባንቺአየሁ የሞሪያን ውሎ ከሞሪያ ቀድማ ታውቅ ነበር። ሞሪያ ሬሆቮት ውስጥ ያለ የአትክልት ዘር ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ስትሆን፣ ባንቺአየሁ ጸሐፊዋ ናት። የትኛው ስብሰባ እንደሚገፋ፣ ለየትኛው ኢሜይል ዛሬውኑ መልስ እንደሚሰጥ የምትወስነው እሷ ነች። ኮምፒውተር ላይ ያለውን የጋራ ዮማን፣ ማለትም የቀጠሮ ሰሌዳውን፣ አምስት ሰው ያየዋል፤ የሚጽፉበትና የሚያጠፉበት ግን እሷና ሞሪያ ብቻ ናቸው።

ባሏ ሰይፉ እዚያው ኩባንያ ሹፌር ነው። በፈረንጆቹ 2008 መጀመሪያ ላይ ባንቺአየሁ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሐኪሟ አትድከሚ፣ አትደንግጪ ብሏታል።

ብርዱ ሊወጣ ሲል ዮማኑ ላይ በየማክሰኞው ጠዋት አዲስ ነገር ታየ። «የግል። መኪናው ከሰይፉ ጋር።» የጻፈችው ሞሪያ ራሷ ነበረች።

በወሩ ለሞሪያ ከሆስፒታል ኢሜይል ገባ። የላከችው የካንሰር ክፍል ጸሐፊ ናት። «ማክሰኞ አምስተኛው ሕክምና ነው። በዋዜማው የደም ምርመራው እንዳይረሳ።» የታማሚ ስም አልነበረውም።

ባንቺአየሁ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ያልተነበበ አስመስላ መለሰችውና መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። ከጽዳት ሥራ አንስታ፣ ኮርስ አስገብታ፣ ከራሷ በር ፊት ያስቀመጠቻት ሞሪያ ናት።

ማታ ሻዓራይም ሰፈር ያለው ቤታቸው ራት ሲበሉ ሰይፉን ጠየቀችው።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ሞሪያን የት ነው የምትወስዳት?»

ሰይፉ እጁን ከሳህኑ አነሣ። «ምነው?»

«ኢሜይሉን አየሁት። ካንሰር ነው፣ አይደል?»

«ለማንም እንዳትነግሪ» አላት።

«በጣም ያማታል?»

«ጠንካራ ሰው ናት።»

«አብረሃት ግባ እንጂ። በር ላይ ትተሃት እንዳትመለስ።»

«እገባለሁ። እስኪያልቅ አብረን ነን።»

ምግቡን ሳይጨርስ ተነሣ። ሁልጊዜ ከማክሰኞ በኋላ እንዲህ ነው፤ የሆስፒታል ሽታ ምግብ ይዘጋል ይላል። ባንቺአየሁ አልተጫነችውም። ሰው ሲሰቃይ እያዩ መቀመጥ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀች። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ኒቭ ስብሰባ እናድርግ ባለ ቁጥር ወደ ረቡዕ ገፋችበት።

«ምንድን ነው ይሄ ማክሰኞ?» አላት አንድ ቀን።

«ጥርሷን እየታከመች ነው» አለችው። መዋሸት አይሆንላትም ነበር፤ ፊቷ ጋለ።

የሚያናድዱ ኢሜይሎችን ሞሪያ ጋ ሳይደርሱ መለሰች። ረጃጅም ስብሰባዎችን አሳጠረች። አንድ ቀን ሞሪያ ውሃ ልታመጣላት ስትነሣ እሷም ተነሣች። ሁለቱም እኩል «አንቺ ተቀመጪ» ተባባሉና ሳቁ። ሞሪያ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷን አዞረች።

ፀሐዩ በረታ። ሞሪያ ጸጉሯን በአጭሩ ተቆረጠች። ሰይፉም ሙቀቱ መጣ ብሎ ራሱን ተላጨ። ባንቺአየሁ ስለ ሞሪያ ጸጉር አንድም ቃል አልተናገረችም።

ከፔሳሕ በዓል በኋላ ሞሪያ በድንገት ለሥራ ወደ ሆላንድ በረረች። ሰኞ ዕለት ኒቭ አንድ ሣጥን ይዞ መጣ።

«ይሄ ዘር ነገ ከቀትር በፊት ሐይፋ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ካልገባ የዓመቱ ጭነት ይቀራል። መኪና ፈልጊልኝ።»

ባንቺአየሁ ዮማኑን ከፈተች። የማክሰኞው ቀጠሮ እንዳለ ነው። ሞሪያ በጥድፊያ ስትሄድ ረስታው ይሆናል ብላ አሰበች። አጠፋችውና በቦታው «ሰይፉ፣ ሐይፋ» ብላ ጻፈች። ለሆስፒታሉም ጸሐፊ አጭር ኢሜይል ላከች፤ በዚህ ማክሰኞ ስለማይመቸን እባክሽ ቀጠሮውን አዛውሪልን አለቻት። መልሱ ወዲያው መጣ። በቅርብ ቦታ የለም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሦስት ሳምንት ረዘመባት። ግን ታማሚዋ አገር ውስጥ የለችም፤ ምን ይደረጋል?

ማክሰኞ ጠዋት ሰይፉ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ባንቺ፣ የዛሬውን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ። ሞሪያ እኮ የለችም። ማንን ልታደርስ ነው?»

ሰይፉ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ አዞረው። ሆዷን አየ፤ ከዚያ ሣጥኑን አየ።

«ሌላ ሰው ቢወስደው አይሆንም?»

«ሌላ ማን አለ? ያላ፣ ሰይፉ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አለ። ሣጥኑን ሲያነሣ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ ወጣ።

ሞሪያ ሐሙስ ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ዮማኑን ከፈተች። ወዲያው ከቢሮዋ ወጣች፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«የማክሰኞው ቀጠሮ የት ሄደ?»

«አጥፍቼው ነው» አለች ባንቺአየሁ፤ ስታፍነው የቆየችው ዕንባ መጣባት። «ሞሪያ፣ አውቃለሁ። ካወቅሁ ቆየሁ። ለሆስፒታሉም ጽፌያለሁ። ሦስት ሳምንት ብለዋል፤ ግን እኔ ራሴ ሄጄ እለምናቸዋለሁ፣ ያቀርቡልሻል። ብቻሽን አይደለሽም።»

ሞሪያ በሩን ዘጋች። ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ያዘች።

«ባንቺአየሁ፣ እኔ አላመመኝም» አለች። «አልጋው ላይ የሚተኛው ሰይፉ ነው፤ እኔ አጠገቡ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።»