ሳሏ ድምፅ አለው

«ሰብልዬ፣ አለሽ? ትሰሚኛለሽ?» ይላል ወሰኑ በስልኩ ውስጥ።

ሰብለወርቅ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አፏን ትከፍታለች። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ወንድሟ ጥቂት ይጠብቅና፣ «አሁንም አልታረቅሽኝም ማለት ነው። ይሁን እሺ። እኔ ደህና ነኝ፤ ኤደን ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሎ ይዘጋል።

ሔርሜላ ፍራሹ ላይ የባዮሎጂ መጽሐፏን ዘርግታ አክስቷን ታያለች። ወሰኑ ባሕር ሊሻገር ከኦቦክ ወደብ የተሳፈረባት ጀልባ ተገለበጠች የተባለ ዕለት ነው የሰብለወርቅ ድምፅ የጠፋው። በማግስቱ መትረፉ ተሰማና ቤቱ በደስታ ተላቀሰ። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ጉሮሮዋን ያየው ሐኪም ምንም የለባትም አለ። ለወሰኑ ቢነግሩት አላመነም፤ መልእክት ብትጽፍለትም፣ «ሰው ሳይቀየም ወንድሙን በጽሑፍ ያናግራል?» ብሎ መለሰላት።

ዛሬ ዓርብ፣ የዕረፍት ቀን ነው፤ ሰብለወርቅ በሞግዚትነት የሰው ሕፃን ከምታሳድግበት ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ወደ እነሱ ቤት፣ ካርቲየ 3 ወደሚባለው ሰፈር፣ የምትመጣበት ቀን። የሔርሜላ እናት ትርሲት ለእህቷ ምሳ ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች። ጎረቤታቸው ናዒማ ደግሞ ቃሪያ እየጠበሰች ነው። ጭሱ በመስኮት ይገባና ሰብለወርቅን ያስላታል።

ሔርሜላ ከፍራሹ ትነሳለች።

«ድገሚው!»

«ምኑን?» ትላለች ሰብለወርቅ በሹክሹክታ።

«ሳሉን! ሳልሽ ድምፅ አለው!»

ሰብለወርቅ አውቃ ልትስል ትሞክራለች። ባዶ አየር። ሔርሜላ ግን የሰማችውን ሰምታለች። መጽሐፉን አንስታ የጉሮሮውን ሥዕል ታሳያታለች፤ «እነዚህን ሁለት እጥፋቶች አየሻቸው? ድምፅ የሚፈጠረው እነሱ ገጥመው ሲርገበገቡ ነው። ቅድም ስትስዪ ገጥመዋል። አልተበላሹም ማለት ነው።»

የሰብለወርቅ ፊት ይለወጣል። «አውቀሽ ነው ትይኛለሽ?» መጽሐፉን ትገፋዋለች። «ወንድሜን ማናገር የማልፈልግ ይመስልሻል?»

ሔርሜላ እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። ከአጠገቧ ትቀመጣለች።

«ፈተና ሲደርስ ሆዴን ይቆርጠኝ የለ? አውቄ ነው እንዴ? የእውነት ነው የሚያመኝ። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ እንዳልነበረ ይሆናል። መምህራችንን ስጠይቀው፣ ሐሳብ በነርቭ በኩል ሆድ ድረስ ይደርሳል አለኝ። ሆድ ድረስ ከደረሰ ጉሮሮማ ቅርብ ነው።»

ሰብለወርቅ ሳታስበው ፈገግ ትላለች። ሔርሜላ ያቺን ፈገግታ አይታ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ትመጣለች።

«ጎንጨት በይና ቀና በይ። ሳትውጪው ጉሮሮሽ ላይ በትንፋሽሽ አንተክትኪው። ድምፅ አውጪ አላልኩሽም፤ ውሃውን ብቻ አጫውቺው።»

«ቤተ ሙከራ አደረግሽኝ እኮ» ትላለች ሰብለወርቅ። ቢሆንም ትጎነጫለች።

መጀመሪያ ውሃው ያለ ድምፅ ይንተከተካል። ሔርሜላም ተጎንጭታ ከጎኗ ቀና ትላለች፤ ሁለቱ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ውሃ ያንተከትካሉ። ሔርሜላ ሆን ብላ እንደ ግመል ታጓራለች። ሰብለወርቅን ሳቅ ያመልጣታል፤ ያፏም ውሃ በሙሉ የተዘረጋው ገጽ ላይ ይረጫል።

«መጽሐፍሽ!»

ሁለቱም ይደርቃሉ። ሰብለወርቅ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ ሔርሜላ ቀስ ብላ ትይዝባታለች።

«አትክደኚው። ሌላ በይ።»

«ምን ልበል?» ሻካራ ነው፤ ዝገት እንደያዘው መዝጊያ ሲጥ ሲጥ ይላል። ግን ድምፅ ነው። «ምን ልበል፣ ሔርሚ? ራሰብሽ እኮ... ውይ... መጽሐፍሽ ራሰብሽ...»

በቀሚሷ ጫፍ ገጹን ታደርቃለች፤ እንባዋ መልሶ ያረጥበዋል። ከዚያ ሳትጠየቅ ታወራለች።

«ስልኩ ሲደወል ሕፃኑ ደረቴ ላይ ተኝቶ ነበር። ትኩሳት ስለነበረው ሲያለቅስ አድሮ ገና መተኛቱ ነው። ጀልባዋ ተገለበጠች አሉኝ። ጩኸቱ እዚህ ድረስ መጣ» ጉሮሮዋን ትነካለች፤ «ሕፃኑን አየሁትና ጩኸቱን ዋጥኩት። እሱን እንዳቀፍኩ ቆምኩ። ማታ እመቤቲቱ ስትመጣ፣ ደህና ነው ልላት ብል ድምፄ የለም።»

ሔርሜላ ብዙ የምትጠይቀው ነበራት። የትኛው ነርቭ? ሲዋጥ ምን ይሰማል? ድምፅ ሲሄድ ይታወቃል ወይ? አንዱንም አትጠይቅም። ስልኩን አንስታ ወሰኑ ጋ ትደውልና ትሰጣታለች።

ወሰኑ ያነሳል። «ሀሎ?»

ሰብለወርቅ ዓይኗን ትጨፍናለች። «አንተ ሞኝ!»

ወሰኑ «ሰብልዬ!» ሲል አታስጨርሰውም።

«ዋና ሳትችል ባሕር ላይ? አንተ የክረምት ጎርፍ እንኳ በሰው ጀርባ የምትሻገር! ምን ልትሆን ነበር? እኔስ ምን ልሆን ነበር?»

«ስደቢኝ» ይላል ወሰኑ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አይለይም። «ስደቢኝ እህቴ፣ አታቁሚ።»

አታቆምም። ድምፅዋ አንዴ ይሰበራል፣ አንዴ ይጠራል፤ ናዒማ መጥበሻዋን ትታ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ታዳምጣለች።

ሔርሜላ ለሁለቱ ስፍራውን ልትለቅ በሩን ገፋ ታደርጋለች። እናቷ ደጃፉ ላይ ናት። የባጌት ዳቦዎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በጠራራው ፀሐይ ጀርባዋን ከቆርቆሮው ግድግዳ አስደግፋ ቆማለች። ከቆመች የቆየች ትመስላለች፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ሔርሜላ አፏን ስትከፍት ትርሲት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች።

ከውስጥ የእህቷ ድምፅ፣ «ልብስስ አለህ? ምሳስ በላህ?» ይላል።