የይርዳው ለቅሶ

ለባሌ ለይርዳው እንዳላለቅስ ከተከለከልኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ኒውትሮን የሚሏት የአቶም ቅንጣት ወደማይታይ ሌላ ጎን ትሻገራለች ብለው በሚመራመሩበት ላቦራቶሪ ጥበቃ ነበር። አንድ ቀን እሱ ራሱ ወደማይታየው ጎን ተሻገረና ቀረ። «ሞተ አይባልም፤ ሲመለስ ራቁቱን ስለሚሆን ልብስ ላኪ» አሉኝ የላቦራቶሪው ሰዎች። በየሳምንቱ ያንኑ ንጹሕ ሸሚዝ አጥቤ፣ ተኩሼ እልካለሁ። ሳይለበስ ይመለሳል። ከመታጠብ ብዛት ክርኑ ሳስቷል።

ዘንድሮ የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ መኩሪያን ድንኳን ጠየቅኳቸው።

«የሞት ወረቀት አምጪ» አሉ።

«እርስዎ ሲሞቱ ወረቀትዎን ይዘው ነው የሚመጡት?»

«ዘርፌ፣ ቢመለስስ?»

«እስቲ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይመለሳል ይበሉኝ።»

መሬት መሬቱን አዩ።

ቤቴ ገብቼ የአልጋችንን አንሶላ አወጣሁ፤ እንደ ድንኳን ከአጥሩ ጋር ወጠርኩት። ጎረቤት አልመጣም። ሥሩ ተቀምጬ ስሙን እየጠራሁ እስኪመሽ አለቀስኩ።