የኦክታቭ ብሬሳን ዜና ዕረፍት

ፋብሪስ ሎርሜል አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ቆሞ አረፈ። ግራ ትከሻውን የሚያመው የያዘው ቦርሳ መስሎት ወደ ቀኝ አዛወረው። ቦርሳው ውስጥ አንድ ጠርሙስ ወይንና አይብ አለ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጽፍና ሲቀድድ ከርሞ የጨረሰው ደብዳቤ አለ።

በሊዮን ከተማ ፋብሪስን የማያውቅ አንባቢ የለም። ጋዜጣው ላይ ሠላሳ አምስት ዓመት ጽፏል፣ ዘጠኝ ልብወለድ አሳትሟል። አንደኛው ትልቁን ሽልማት አግኝቶ፣ መጽሐፍ ሻጮች ቀዩን የሽልማት ወረቀት ወገቡ ላይ ጠምጥመው ደርድረውት ነበር። ችግሩ፣ የዚያ መጽሐፍ ታሪክ የተሰረቀ ነው።

የሰረቀውም ጋዜጠኝነትን ካስተማሩት ከቀድሞ አለቃው ከኦክታቭ ብሬሳን ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ እሑድ፣ ምሳ በልተው ሲያበቁ፣ ለማንም ተንፍሰውት የማያውቁትን ነገር አጫወቱት። በአልጄሪያ ጦርነት ጊዜ የጦሩ ፖስታ አዳይ ነበሩ። ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በማይረባ ነገር ተጣልተው፣ ከእናቱ የመጣለትን ደብዳቤ «ነገ እሰጠዋለሁ» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ጓደኛቸው ደብዳቤውን ሳያየው በማግስቱ ማለዳ ተገደለ።

«ይህን አንድ ቀን እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ» ብለውት ነበር። «ሌላ መጽሐፍ የለኝም።»

ፋብሪስ ሁለት ዓመት እንኳ አልታገሠም። መጽሐፉ ሲወጣ ኦክታቭ ቃል አልተናገሩም፤ ለጋዜጣው አልፎ አልፎ ከመጻፍ በቀር መጽሐፍ የሚባል ነገር አንስተው አያውቁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እዚህ ግን የወጋውም አልረሳም፤ እንቅልፉን ካጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ያለፈው ሰኞ ደግሞ ዋና አዘጋጇ ሶላንዥ ነገሩን አባሰችው። ጋዜጣ ቤት ውስጥ የታወቀ ሰው ሳይሞት ዜና ዕረፍቱ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ይህንንም «የቀዘቀዘ ሥጋ» ይሉታል።

«መሳቢያችን ባዶ ነው» አለች። «በዚህ ከተማ ስም ላለው ሰው ሁሉ ይጻፍ። የሚጽፈው ደግሞ በደንብ የሚያውቀው ሰው ይሁን። ፋብሪስ፣ አንተ ኦክታቭን ያዝ።»

«ታመዋል እንዴ?»

«ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው እኮ ነው! ደግሞስ ሞት መቼ ተራ ጠብቆ ያውቃል?»

ፋብሪስ «ደግ መምህር ነበሩ» እስከሚለው ድረስ ጻፈና እጁ ተሳሰረ። ሽማግሌው ከሞቱ ምስጢሩ አብሯቸው ይቀበራል የሚል ሐሳብ ሽው አለበት። ደስ አለው። ወዲያው በገዛ ደስታው አፈረ። በቁማቸው ይቅርታ ሳይጠይቃቸው እንዳይሞቱ ሲል ነው ዛሬ እሑድ ደብዳቤውን ይዞ ቤታቸው የመጣው።

«ባለ ቀይ መቀነቱ! ግባ!» አሉ ኦክታቭ በሩን ከፍተው። ሽልማቱን ካገኘ ወዲህ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው፤ እሱም በሰማው ቁጥር ይሸማቀቃል። «ምን ያለከልክሃል? ሰማንያ ስድስት የሞላኝ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«ደረጃዎ ነዋ፣ አለቃ።»

«ቀለምህም አላማረኝም። ሐኪም አይቶሃል?»

«ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። አዳዲስ መጻሕፍት የሚወጡበት ወቅት ሆኖብኝ ሁለቴ አስተላለፍኩት።»

የምስር ሰላጣና ቋሊማ ቀረበ። ፋብሪስ ምግቡን ነካ ነካ አድርጎ ተወው፤ እጁ ወደ ኪሱ ይሄድና ይመለሳል።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። እናትህ ልብስ ሰፊ ነበሩ ወይስ የሐር ፋብሪካ ሠራተኛ?»

«ፋብሪካ ነው የሠሩት። ምነው?»

ኦክታቭ በመድኃኒት ቤት ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፉ። «የመጀመሪያ መጽሐፍህስ? ሰማንያ ዘጠኝ ነው የወጣው?»

«ዘጠና አንድ።»

«አየህ፣ እርጅና! ተሳስቼ ልጽፍ ነበር።»

ፋብሪስ ላብ አጠመቀው። «ምንድነው የሚጽፉት?»

«አጭር ነገር ናት። አንተ አታነባትም።» ብዕራቸውን ከወረቀቱ አንስተው ፋብሪስን አዩት። «ያንን የደብዳቤውን ታሪክ ከየት አመጣኸው ሲሉህ ምንድነው የምትላቸው?»

ሠላሳ ዓመት የፈራው ቀን መጣ። ሽማግሌው ሳይሞቱ ሊያጋልጡት ቆርጠዋል፤ ይህ ሁሉ ጥያቄ ማስረጃ መሰብሰብ ነው።

«ፈጠራ ነው... እላቸዋለሁ።»

«እሺ» አሉና እሱንም ጻፉ።

ደብዳቤውን እንደገባ አውጥቶ ሰጥቷቸው ቢሆን ይቀለው ነበር። ነገር ግን አሁን ቢሰጥ፣ ፈርቶ እንጂ ተጸጽቶ አይመስልም። ፈሪነቱን በዚህ ሸፈነና ሆድ ይፍጀው አለ። ሰዓቱን አየ፤ ተነሣ።

በሩ ላይ ኦክታቭ ክንዱን ያዙት።

«ኪስህን ስትዳብስ ዋልክ። ለእኔ የመጣ ነገር ካለ ስጠኝ፣ ልጄ። ኪስ ውስጥ የሚያድር ወረቀት እንደማልወድ ታውቃለህ።»

«ምንም አይደለም። የሚመጣው እሑድ አመጣዋለሁ።»

«እሑድ» አሉ ኦክታቭ፣ ፊቱን ትክ ብለው እያዩ።

ደረጃውን ጥቂት ወርዶ ቀና ሲል በሩ አልተዘጋም። ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ይጽፋሉ። ፋብሪስ ትከሻውን ይዞ ወረደ።

ሐሙስ ጠዋት በጋዜጣው ሁለተኛ ገጽ ላይ ከሶላንዥ መሳቢያ የወጣ ይህ ዜና ዕረፍት ታተመ፦ «ደራሲና ጋዜጠኛ ፋብሪስ ሎርሜል ትናንት በስድሳ አንድ ዓመቱ በድንገት ዐረፈ። እናቱ የሐር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1991 አሳተመ። የተሸለመበትን የደብዳቤውን ታሪክ ፈጠራ ነው ይል የነበረው የእኔን ስም ላለማንሣት ነው፤ አንተ ጻፍልኝ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኦክታቭ ብሬሳን።»