ለእጅ ባትሪ የማይሆነው ድንጋይ

«ለምን ነበር ያልሽኝ?» አለ ኦቦ ነገራ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ለእጅ ባትሪ ነው አልኩ እኮ!» ጊፍቲ መጮኋን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ነው።

ገበያው ዳር ባለችው የነገራ የቆርቆሮ ሱቅ ሬዲዮም፣ ስልክም፣ ላፕቶፕም ይጠገናል። ነገራ አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ፈልፍሎ ውስጡ ያሉትን ድንጋዮች ያወጣል፤ በመለኪያ እየፈተሸ ደህናውን ከደካማው ይለያል። አምቦ ውስጥ የሚታመን የባትሪ ድንጋይ የፈለገ ሰው እሱ ጋ ይመጣል። ሰውየው ግን አንድ አመል አለው፤ ዕቃውን ካላየ አይሸጥም። ጊፍቲን ያንጨረጨራትም ይኸው አመሉ ነው።

«እሺ፣ የእጅ ባትሪውን አምጪዋ። እዚሁ ገጥመን እንየው።»

«ቤት ረስቼው መጣሁ።»

ወይ መርሳት! ቦርሳዋ ውስጥ በመሃረብ ተጠቅልሎ ያለው የእጅ ባትሪ አይደለም። የባሏ የዋቅቶላ የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው፤ ልጃቸው ከዱባይ ያመጣችለት። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያጨስ የኖረ ሰው በዚህች ዕቃ ዘጠኝ ወር ሙሉ እውነተኛ ሲጋራ አፉ አላስገባም። ሰኞ ለት ግን ድንጋዩ ሞተ። ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ፣ ዋቅቶላ እንዴት አደርክ ሲሉት እንኳ ይቆጣል። ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «እስከ ማታ ካልተገኘ ገዝቼ አጨሳለሁ፤ በቃኝ!» ብሏታል። ዋቅቶላ ደግሞ ያለውን ያደርጋል።

ራሱ መጥቶ ቢገዛ ምን ነበረበት? አይችልማ! በፋሲካ ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ «ጌታ በአንድ ሌሊት ከሲጋራ ፈታኝ» ብሎ መስክሯል። ሰው አጨበጨበ፣ ሃሌሉያ ተባለ፣ ያለቀሰም ነበር። ስለዚህች ዕቃ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጊፍቲ ያን ለት መዘምራኑ መሃል ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ አጨብጭባለች። ነገራም የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ታዲያ እሱ ፊት እንዴት ብላ ታውጣው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የተባለው ለዚህ ነው።

አግዳሚው ላይ ስልኩን የሚያሠራው የባጃጅ ነጂ፣ ፍሮምሳ፣ ምክር አማረው። «አዴ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትልቅ የሆነውን ውሰጂ! ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ የሚል አለ…»

«ገዝቻለሁ!» አለች ጊፍቲ፤ ቆሽቷ አረረ። ትናንት ከገበያ የገዛችው ያ ባለ ዘጠኝ ሺህ፣ ገና ሲገባ የዕቃውን መብራት ሦስቴ ብልጭ አድርጎ ድርግም አለ።

«ቁጥር ማንም ይጽፋል» አለ ነገራ። «አህያ ላይ ፈረስ ብለህ ብትለጥፍ አይሮጥልህም።» ሁለት ድንጋዮች ፊቷ አቆመ፤ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ። «ሮዙ ደክሟል፤ ለእጅ ባትሪ ግን ዓመት ያገለግልሻል። አረንጓዴውን ብዙ ኃይል ለሚስብ ዕቃ ነው የማስቀምጠው።» ሮዙን ወደሷ ገፋ አደረገው።

«አረንጓዴውን ይስጡኝ።»

«ለእጅ ባትሪ ምን ያደርግልሻል?»

«ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ነገራ፣ ይስጡኝ አልኩ! ምን አስጨነቀዎት?»

ነገራ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለው። «እህት ጊፍቲ፣ ድንጋይ ከማይሆነው ዕቃ ጋር ሲገጠም ይግላል። ሰው እጅ ላይ ሲፈነዳ አይቻለሁ። የምጠይቅሽ ለዚህ ነው እንጂ ጓዳሽን ልሰልል አይደለም።»

እጅ ላይ! የእሷ ሰው ደግሞ ከንፈሩ ላይ ነው የሚያደርገው። ፍሮምሳ ስልኩን ተቀብሎ፣ ሁለቱንም ተሰናብቶ ወጣ። ጊፍቲ የባጃጁ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ የመጣው ይምጣ ብላ መሃረቡን ፈታችና ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ነገራ አላነሳውም። መነጽሩን ዓይኑ ላይ መልሶ አየው።

«የማን ነው?»

«የእሱ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

ነገራ በጣቱ ቆጠረ፤ ከመስከረም እስከ ፋሲካ። ጊፍቲ፣ አሁን ይሰድበናል፣ እሁድ ጉባኤው ሁሉ ይሰማል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀመጠ።

«እሱ የመሰከረ ለት፣ እኔም ቤቴ ገብቼ ፓኮዬን እሳት ውስጥ ጣልኩ» አለ። «በአንድ ሌሊት ብዬ። በሦስተኛው ቀን ገዛሁ። ጾሜ ጸልዬ እንደገና ጣልኩ፣ እንደገና ገዛሁ። አራት ጊዜ፣ እህቴ! ዋቅቶላን የሰማ ጌታ እኔን ምን በድዬው ነው የማይሰማኝ እያልኩ… እሁድ መምጣት የተውኩት ለምን መሰለሽ?»

ጊፍቲ ሥራ በዝቶበት ነው የመሰላት። ሁሉም ሰው ሥራ በዝቶበት ነው ነበር የሚለው። ከጠዋት ጀምሮ በድንጋዩ፣ በፍሮምሳ ምክር፣ በዚህ ሰው ጥያቄ ስትበግን ቆይታ፣ አሁን የተናደደችው እሷን ልኮ በሚጠብቃት ባሏ ነው። አፍራለችም፤ አንገቷን ደፍታ ያጨበጨበችው እሷው ናት።

ነገራ አረንጓዴውን ገጠመው። የዕቃው ትንሿ መብራት በራች፤ አልጠፋችም። «ይሠራል፤ ውሰጂ» ብሎ ዘረጋላት።

ጊፍቲ አልተቀበለችውም። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አገኘሽ?» አለ ዋቅቶላ፣ ሄሎ እንኳ ሳይል።

«አግኝቻለሁ።»

«ተመስገን! በይ ቶሎ ነይ።»

ነገራን አየችው። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች ይለቅማል።

«አልመጣም» አለች። «ኦቦ ነገራ ሱቅ ነኝ፤ ዕቃውን አይቶታል። ራስህ መጥተህ ከእጁ ተቀበል።»

ዋቅቶላ ስልኩን አልዘጋም። ጊፍቲ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።