የአባቷ የእጅ ጽሑፍ

ሳቪታ ድሬዳዋ ተወልዳ ድሬዳዋ ያረጀች ህንዳዊት ናት። ኸዋጃው የተባሉት ሙስሊም ወሊ ወደተቀበሩባት፣ ሂንዱውም ሙስሊሙም ወደሚሳለማት የህንድ ከተማ አጅሜር ስትሄድ ባሏን ኢድሪስን አስከትላ ነበር። ከከተማዋ ኮረብታ ማዶ ባለው ቅዱስ ሐይቅ ዳር የተሳላሚዎችን መዝገብ የሚጠብቅ ሽማግሌ የሂንዱ ካህን አገኙ። ሳቪታ የአባቷንና የአገሯን ስም ስትነግረው ዓይኑ በራ።

«ይኸው የአባትሽ ጽሑፍ! አርባ ዓመት ሙሉ የሚያነብልን አጣን።»

በአማርኛ ነበር የተጻፈው። ሳቪታ የአባቷን እጅ ስትለይ እንባዋ መጣ።

«አፈር ይቅለላቸውና እንደ አማቴ የወደደኝ ሰው የለም» አለ ኢድሪስ መነጽሩን እየፈለገ።

ሳቪታ አንብባ ስትጨርስ መዝገቡን ልትዘጋው ተጣደፈች። ኢድሪስ ቀደማትና በትከሻዋ በኩል ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ልጄ ያንን ባቡር ነጂ እንዳታገባ ትናንት በኸዋጃው መቃብር፣ ዛሬ በዚህ ሐይቅ ተማጽኛለሁ።»

ሳቪታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምን ይላል?» ሲል ካህኑ በህንድኛ ጠየቃት።

ጡረተኛው ባቡር ነጂ ሳቁ አላናግር አለው።

«ንገሪው እንጂ!» አላት በመጨረሻ። «ሁለቱም እምቢ አሏቸው በይው።»