ቀድሞ የነጣው

የቆዳ ሐኪሙ ለመድና የነገራት እንዲህ ነው፤ በሽታው የቆዳ ነው፣ ቆዳዋ ሲደነድን ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ጨምድዶ ይይዛል፣ ጣቶቿም ደም ያጥራቸዋል። ትናንት ያየቻት ሐኪም ደግሞ ነገሩን ገለበጠችው፤ መጀመሪያ የተጎዱት የደም ሥሮቹ ናቸው፣ ቆዳው የደነደነው ከእነሱ ወዲህ ነው። እሱ ቅባት አዘዘላት። እሷ የደም ግፊት ክኒን።

መድና ግፊት የለባትም።

ቀፊራ ገበያ መግቢያ ላይ ባለችው ሱቋ በር፣ ክኒኑን ፍሪዘሩ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። ባሏ ዱዓሌ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ መጣና ማሸጊያውን አንስቶ አገላበጠው።

«አቦ! ይሄ የአክስቴ የኢዲል የግፊት መድኃኒት ነው እኮ። ተሳስታ ነው የሰጠችሽ።»

«የደም ሥርም ያሰፋል አለች።»

«ታዲያ የቆዳ ሐኪሙ ነው የተሳሳተው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

በእውነትም አላወቀችም። ሐኪሙ የእጇን ቆዳ በሁለት ጣቱ ለማንሳት ሞክሮ እምቢ ሲለው ፊቱ ላይ ያየችው ሐዘን የውሸት አልነበረም። ሴትዮዋም የጥፍሮቿን ሥር አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር ስታይ አልተቻኮለችም። ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ደግ። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አመልካች ጣቷ ጫፍ ላይ ያለችው ቁስል ካልዳነች ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል።

«ሌላስ ምን አለችሽ?»

«ከብርድ ራቂ።»

ዱዓሌ ሳቁ አመለጠው። «ድሬ ላይ? ብርዱን ከየት አግኝተሽው ነው የምትርቂው?»

እሷም ሳቀች። ሳቃቸው ሳያልቅ ጭማቂ ሻጩ ዛኪር ላቡን እየጠረገ ደረሰ።

«መድና፣ ሁለት በረዶ ቶሎ! ሎሚው ፈላብኝ!»

ክዳኑን ከፍታ እጇን ሰደደች። በፌስታል የታሰረው በረዶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ትንሽ አታገላት። ስታወጣው ሦስት ጣቶቿ እንደ ሻማ ነጥተዋል። ዛኪር ተቀብሏት እየሮጠ ሄደ። እሷ ክዳኑን ሳትመልስ ጣቶቿን እያየች ቀረች። ነጩ ቀስ እያለ ወደ ወይን ጠጅ ዞረ፤ ቁስሉ ይጠዘጥዛት ጀመር።

ዱዓሌ አሁን አልሳቀም። «ይሄ እኮ የቆየ ነው» አለ። «ፍሪዘሩን የገዛን ሰሞን፣ ኖራ ቀቢዋ እያልኩ አበሽቅሽ አልነበር?»

«መቼ ነበር የገዛነው?»

«ሚሬ አንደኛ ክፍል ስትገባ።»

ልጃቸው አሁን አምስተኛ ክፍል ናት።

«ቀለበቴስ? አልወልቅ ያለኝ መቼ ነው?»

«ያምና ረመዳን።»

መድና የግራ እጇን ጀርባ ለመቆንጠጥ ሞከረች። እንደ ከበሮ ተወጥሮ አልያዝ አላት። ፍሪዘሩ በመጣ ዓመት ግን ሚሬ ጭኗ ላይ ጋደም ብላ የዚያኑ እጅ ቆዳ ሳብ ለቀቅ እያደረገች ትጫወትበት ነበር።

«ዱዓሌ፣ ያኔ ቆዳዬ ለስላሳ ነበር። ታዲያ ደሙን የከለከለው ማነው?»

ዱዓሌ ወደ ፍሪዘሩ ጠቆመ። «በረዶው ነዋ» አለ።

«ሐኪሟ በሽታውን በረዶ አላመጣውም ብላኛለች። የታመመውን ሥር ግን በየቀኑ ያኮማትረዋል አለች።»

«ሰውዬው ታዲያ ዋሸሽ?»

«ምን በወጣው! እሱ ያየኝ ከደነደነ በኋላ ነው።»

ይህን ስትል እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። ቅባቱን ከቦርሳዋ አውጥታ አየችው፤ መልሳ ከተተችው፤ አልጣለችውም። ክፍቱ ፍሪዘር ቀዝቃዛ ጭጋጉን ሆዷ ላይ ይተፋል። አራት ዓመት ያበላቸው እሱ ነው።

ክኒኑን ከማሸጊያው መግፋት ጣቶቿ እምቢ አሏት። ዱዓሌ ተቀብሎ አወጣላት። ፀሐይ ላይ ውሎ ከሞቀ ጠርሙስ ተጎንጭታ ዋጠችው።

«መድና!» አለ አንድ ተሸካሚ ከነጆንያው ቆም ብሎ። «ቀዝቃዛ ውሃ ስጪኝ እስቲ፣ ነደድኩ!»

ክዳኑን በክርኗ ገፍታ ዘጋችው።

«ቀዝቃዛ የለም» አለች፣ ዱዓሌም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከዛሬ ጀምሮ የምሸጠው ሻሂ ነው።»